የሻምበል ሃዊ ትንሽ ሐዲድ

ምድር ባቡር ሲባል አስቀድሞ የሚታወሰን ትልቅነቱ ነው። ተራራ የሚሰነጥቅ፣ በረሃ የሚያቋርጥ፣ መንግሥታት የሚፈራረሙበት፣ ብዙ ብድር የሚፈስበት፣ ሰውም የሚያልቅበት ብርቱ ሥራ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የእኛ ሐዲድ ታሪክም የነገሥታትና የኩባንያዎች ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ግን ስለ ሌላ ዓይነት ባቡር ነው። ንጉሥ ያላዘዘው፣ ማዕድን ያልጠራው፣ ወደብ ያልናፈቀው፣ ሁለት ሰዎች ስለ ወደዱት ብቻ የተወለደ ባቡር ነው። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት አውራጃ የባሕር ዳርቻ ላይ ይገኛል። ስሙም የሮምኒ፣ ሃይዝና ዲምቸርች ባቡር ይባላል።

እኔ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም የምሞክር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ የዚህን ባቡር ታሪክ ያነበብሁት በሁለት ዓይን ነው። አንደኛው ዓይኔ “ይህ ነገር ያዋጣ ነበርን?” ሲል፣ ሁለተኛው “ለፍቅር ብቻ ተብሎ የተጀመረ ሥራ ጀማሪው ሲያልፍ ምን ይሆናል?” ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ግጥም የሚጽፈውንም፣ ሥዕል የሚሥለውንም፣ ጓሮው ውስጥ አበባ የሚተክለውንም ሁሉ ሳይመለከት አይቀርም።

* * *

ነገሩ የሚጀምረው ከሃዊ ሳይሆን ከአንድ ባላባት ግቢ ነው። ሰር አርተር ሄይውድ ይባላል። በ1874 በደርቢሻየር አውራጃ፣ ዳፊልድ በምትባል መንደር አጠገብ፣ በገዛ ርስቱ ላይ ትንሽ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመረ። ሄይውድ በሙያው የተቀጠረ መሐንዲስ አልነበረም፤ ቤቱ ባቋቋመው መሥሪያ ቤት ሎኮሞቲቮቹን ሳይቀር ራሱ የሚሠራ ባለጸጋ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራውን እንደ ቀልድ አልያዘውም። አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ባቡር ባቡርነቱን ሳያጣ፣ ሰውና ዕቃ በደኅና ማጓጓዝ እየቻለ፣ እስከ ምን ድረስ ሊያንስ ይችላል?

ቀደም ሲል ዘጠኝ ኢንች ስፋት ባለው ሐዲድ ሞክሮት ነበር። ሰው ሲቀመጥበት ሚዛኑን የማይጠብቅ ሆኖ አገኘው። በመጨረሻም መልሱ ዐሥራ አምስት ኢንች ነው አለ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 38 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። አንባቢ እንዲያነጻጽር ያህል፣ የጅቡቲ–አዲስ አበባው አሮጌ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። እንግዲህ የሄይውድ ሐዲድ ከዚያ ከግማሽም ያነሰ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት እግሩን ዘርጋ አድርጎ ቢቆም በመካከሉ ያሳልፈዋል። ሄይውድ በዚህ ሐዲድ ላይ ምግብ የሚበላበትና የሚተኛበት ፉርጎ ሳይቀር ሠርቶ አስኬደበት።

ሐሳቡን በመጽሐፍ ጽፎ አሳተመ፤ እንግዶችንም ጠርቶ አሳየ። ይህ ትንሽ ሐዲድ ለትላልቅ ርስቶች ይጠቅማል፣ ለጦር ሠራዊትም ስንቅና ጥይት ያመላልሳል የሚል እምነት ነበረው። ከባላባቶች መካከል ሐሳቡን ተቀብሎ ያሠራው የዌስትሚንስተር መስፍን ነው፤ በኢተን ሆል ርስቱ ላይ በ1896 የድንጋይ ከሰልና ዕቃ የሚያመላልስ ሐዲድ ተዘረጋለት። የጦር መሥሪያ ቤቱ ግን ትንሹን ሐዲድ ሳይቀበለው ቀረ። ሄይውድ በ1916 ሲያርፍ የገዛ ግቢው ባቡር አብሮት አበቃ፤ ዕቃውም ተሸጦ ተበታተነ። ዐሥራ አምስት ኢንች የሚለው መጠን ግን በሌሎች እጅ ቀረ። ሰውየው በጥይትና በስንቅ ስላሰበው ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

* * *

መጠኑን ካነሡት መካከል ቀዳሚው ነጋዴ ነበር። በኖርዛምፕተን ከተማ የአሻንጉሊት ባቡር እየሠራ የሚሸጥ ባሴት-ሎክ የሚባል ሰው፣ ሄንሪ ግሪንሊ ከተባለ መሐንዲስ ጋር ሆኖ በ1905 “ሊትል ጃይንት” (ትንሹ ግዙፍ) የተባለች የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ለዐሥራ አምስት ኢንች ሐዲድ ሠራ። በሄይውድና በእነዚህ ሰዎች መካከል ትልቅ የሐሳብ ልዩነት አለ። ሄይውድ የፈለገው ትንሽ ነገር ግን የራሱ መልክ ያለው፣ ለሥራ የተቆረጠ ባቡር ነበር። ግሪንሊ የፈለገው ትልቁን ባቡር በመልኩም በቀለሙም የሚመስል፣ ሕፃናትን የሚያስፈነድቅ፣ ሽማግሌዎችን የሚያስገርም ባቡር ነው። የመጀመሪያው ጠቃሚ ነገር አሳነሰ፤ ሁለተኛው የሚያምር ነገር አሳነሰ።

የብላክፑል የባሕር ዳርቻ መዝናኛ በ1905፣ የሪል ከተማ በ1911 እንዲህ ያለ ትንሽ ባቡር አገኙ። በ1915 ደግሞ እነ ባሴት-ሎክ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከራቨንግላስ ወደ ኤስክዴል ሸለቆ የሚወጣውን፣ የብረት ማዕድን ያመላልስ የነበረና የተዘጋ ሐዲድ ተከራይተው ወደ ዐሥራ አምስት ኢንች ለወጡት። በዚህ ጊዜ ትንሹ ባቡር ከመዝናኛ ሜዳ ወጥቶ ከከተማ ወደ መንደር መሄድ ጀመረ ማለት ነው።

* * *

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች እንምጣ። ሻምበል ጆን ኤድዋርድስ ፕሬስግሬቭ ሃዊ በ1886 የተወለደ ባለጸጋ ነው። ሀብቱ የመጣው ከሩቅ አገር ነው። ከወገኖቹ አንዱ በ1837 በአውስትራሊያ፣ ገና ከተማ ሳትሆን፣ በሜልበርን የመጀመሪያ የመሬት ሽያጭ ላይ ቦታ ገዝቶ ነበር። ከተማይቱ አደገች፤ መሬቱ ወርቅ ሆነ፤ ኪራዩም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ይገባ ጀመር። የባንክ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከዓለም ዳርቻ የሚሰበሰብ የሱቅና የቢሮ ኪራይ፣ በሌላው ዳርቻ የጨዋታ ሐዲድ ሊሆን ነውና።

ሃዊ ፍጥነት ይወዳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፕላን ጋር ወድቆ በጀርመኖች ተማርኮ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ የውድድር መኪና ነጂ ሆነ። ከጦርነቱ በፊትም፣ በ1914፣ በልጁ ስም የተሰየመች አንድ የዐሥራ አምስት ኢንች ሎኮሞቲቭ አሠርቶ ነበር።

በመኪና ውድድር ሜዳ ያገኘው ወዳጁ ደግሞ ኮንት ሉዊ ዝቦሮቭስኪ ነው። ዝቦሮቭስኪ ገና በልጅነቱ ከታላላቆቹ የአሜሪካ ባለጸጎች ከአስተር ቤተሰብ በእናቱ በኩል ሀብት የወረሰ ወጣት ነበር። በአውሮፕላን ሞተር የሚሄድ፣ “ቺቲ ባንግ ባንግ” የሚባል ግዙፍ የውድድር መኪና ሠርቶ በ1921 ያሽቀዳደመው እርሱ ነው። ኢያን ፍሌሚንግ በ1964 ለታተመው የልጆች መጽሐፉ ስሙን የወሰደው ከዚህ መኪና ነው። ዝቦሮቭስኪም በካንተርበሪ አጠገብ ባለው ርስቱ ላይ የዐሥራ አምስት ኢንች ባቡር ነበረው።

ሁለቱ ወዳጆች አንድ ሕልም ያዙ፤ እውነተኛ መንገደኛ የሚጭን፣ እውነተኛ ፍጥነት ያለው፣ እንደ ትልቁ ባቡር ሁለት መስመር ጎን ለጎን የተዘረጋበት ትንሽ ባቡር ለመሥራት። ግሪንሊን መሐንዲስ አደረጉ። ዝቦሮቭስኪም ሐዲዱ የሚዘረጋበት ቦታ ሳይገኝ፣ በኮልቸስተር ከተማ ለሚገኝ ፋብሪካ ሁለት ሎኮሞቲቮች አዘዘ። ቤት ሳይኖር በር ማሠራት ማለት እንዲህ ነው።

ባለቤቱ ግን ሎኮሞቲቮቹን ለማየት አልታደለም። ጥቅምት 19 ቀን 1924 በጣልያን፣ በሞንዛ የውድድር ሜዳ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ሞተ። የ29 ዓመት ሰው ነበር። አባቱም በ1903 በደቡብ ፈረንሳይ በመኪና ውድድር ላይ እንዲሁ ነበር የሞተው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ማለቅ ይችል ነበር። ከታዘዙት ሁለት ሎኮሞቲቮች በቀር ምንም አልነበረም፤ ሐዲድ የለ፣ መሬት የለ፣ ፈቃድ የለ። ሃዊ ግን ሎኮሞቲቮቹን ተረከበ። አንደኛዋን “ግሪን ጎደስ” (አረንጓዴዪቱ አማልክት) ብሎ ሰየማት፤ ስሙን ያገኘው ከአንድ የዊልያም አርቸር ቲያትር ነው። ሁለተኛዋ “ኖርዘርን ቺፍ” ተባለች። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሥራ ለሁለት ሎኮሞቲቮች አገር መፈለግ ሆነ።

* * *

አገሩን ያገኘው ግሪንሊ ነው። የኬንት ደቡባዊ ጫፍ የሮምኒ ረግረግ ይባላል። ከባሕር የተነጠቀ፣ ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ ነው፤ በግ ይረባበታል፤ ድሮ ኮንትሮባንዲስቶች ይመላለሱበት ነበር። ተራራ ስለሌለ ዋሻ አያስፈልግም። በባሕሩ ዳር ትናንሽ ከተሞች ተደርድረዋል፤ ከሃይዝ እስከ ኒው ሮምኒ ግን ባቡር አልነበረም።

ባቡሩ መንገድ ስለሚያቋርጥና ሕዝብ ስለሚጭን የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በ1926 መጀመሪያ ላይ ምርመራ ተደረገ፤ በግንቦት ወር ፈቃዱ ተሰጠ። በነሐሴ 5 ቀን በዚያው ዓመት የዮርክ መስፍን (በኋላ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የሆነው) ወደ ስፍራው መጥቶ “ኖርዘርን ቺፍ”ን ራሱ ነዳ። ሐምሌ 16 ቀን 1927 ከሃይዝ እስከ ኒው ሮምኒ ያለው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በይፋ ተከፈተ። የመክፈቻውን ባቡር የጎተተችው “ሄርኩለስ” ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ሐዲዱ ጠጠራማውን የደንጀነስ ጫፍ ደረሰ፤ ጠቅላላ ርዝመቱም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ።

ሎኮሞቲቮቹ ከትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ ያህል ናቸው። የሐዲዱ ስፋት ግን የትልቁን ሐዲድ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ በእግሩ ቀጭን፣ በደረቱ ሰፊ ሆኖ ይታያል። ከተሳፋሪው ጎን ቆሞ ሲታይ አሻንጉሊት ይመስላል፤ እሳት አንድዶ፣ ውኃ አፍልቶ፣ አምስትና ስድስት አይደለም ዐሥር ፉርጎ አስከትሎ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲበር ግን አሻንጉሊት ነው የሚል አይኖርም። ለረጅም ዓመታትም “የዓለም ትንሹ የሕዝብ ባቡር” የሚል ስም ይዞ ኖሯል።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነ ሰው በዚህ መስመር ላይ ሲያልፍ ሁለት ስሞች ያገኛል። አንደኛው ዶክተር ሲን ነው። ራስል ቶርንዳይክ በ1915 ባወጣው ልብ ወለድ ውስጥ ቀን የዲምቸርች ቄስ፣ ማታ የኮንትሮባንዲስቶች አለቃ የሆነው ሰው ማለት ነው። ሃዊ በ1931 ካሠራቸው ሎኮሞቲቮች ለአንዱ ስሙን ሰጠው። ሁለተኛዋ ኢዲት ኔስቢት ናት። “የባቡር ሐዲዱ ልጆች” የሚለውን መጽሐፍ በ1906 ያሳተመችው ይህች ደራሲ፣ የመጨረሻ ዓመታትዋን የኖረችው በዚሁ ረግረግ ዳር ነው። በግንቦት 1924 አርፋ በአንዲት የረግረጉ መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረች። ሦስት ዓመት ብትቆይ ኖሮ፣ ልጆች የሚሳፈሩበት ትንሽ ባቡር በቤትዋ አቅራቢያ ሲያፏጭ ትሰማ ነበር። ዝቦሮቭስኪ ያዘዘውን ሳያይ፣ ኔስቢት የሚመጥናትን ሳታይ፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት አለፉ።

ሃዊና ግሪንሊም አብረው አልዘለቁም። በ1929 መሐንዲሱ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ ሄደ። ሥራው ግን ያለ እርሱ ቀጠለ።

* * *

በ1940 ጀርመኖች ከፈረንሳይ ዳርቻ ሆነው ወደ ኬንት ማዶ ሲመለከቱ፣ የሮምኒ ረግረግ ጠላት ይወርድበታል ተብሎ ከሚፈራባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። ሠራዊቱ ባቡሩን ወረሰው። በመክፈቻው ቀን እንግዶችን የጎተተችው “ሄርኩለስ” ብረት ለበሰች፤ በፊትዋና በኋላዋ መትረየስና ፀረ ታንክ ጠመንጃ የተጠመደባቸው ፉርጎዎች ተቀጠሉላት፤ ዳርቻውንም ትጠብቅ ጀመር። የሄይውድን ነገር ያስታውሷል። የጦር መሥሪያ ቤቱ “ለወታደር የሚሆን አይደለም” ብሎ የተወው የዐሥራ አምስት ኢንች ሐዲድ፣ እርሱ ከሞተ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ወታደር ጫነ። ሐሳብ አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱን አይጠብቅም፤ ጊዜውን ይጠብቃል።

በኋላም በእንግሊዝ ባሕር ሥር ወደ ፈረንሳይ ነዳጅ ለሚያስተላልፈው የቧንቧ መስመር ሥራ ትንሹ ባቡር ቧንቧ አመላለሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሐዲዱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። የሃይዝና የኒው ሮምኒ መካከል በ1946 ተከፈተ። የደንጀነስ ክፍል በሁለት መስመር ፈንታ በአንድ መስመር ብቻ ተጠግኖ በመጋቢት 1947 ሲከፈት፣ ሪባኑን የቆረጡት የሲኒማ ቀልደኞቹ ሎረልና ሃርዲ ነበሩ። ያኔ ሳቅ ለተራበ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ መራቂ አይገኝም።

* * *

ሻምበል ሃዊ በመስከረም 1963 አረፈ። በእውነት የባቡሩ ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከቦምብም ይልቅ የሒሳብ መዝገብ ይከፋ ነበርና።

ሃዊ በሕይወት ሳለ ጉድለቱን ከኪሱ ይሞላው ነበር። ባለጸጋ አፍቃሪ ያለው ነገር ኪሳራ አያውቅም፤ ኪሳራው የሚታወቀው አፍቃሪው ሲሞት ነው። በዚያ ላይ ዘመኑ ተለውጧል፤ ሰው የራሱን መኪና ገዝቷል፤ የባሕር ዳር ዕረፍቱንም ባሕር ማዶ መፈለግ ጀምሯል። ሐዲዱ፣ ድልድዮቹና ሎኮሞቲቮቹም አርጅተዋል።

በ1964 ባቡሩን የገዙት ሁለት ጡረታ የወጡ የባንክ ሰዎች መሆናቸውን ሳነብ በሙያ ወንድምነት ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኩን “ዋስትናው ምንድን ነው?” እያለ የሚጠይቅ ሰው፣ በጡረታው ዘመን ዋስትና የሌለውን ነገር ሊገዛ ይችላል ማለት ነው። ሥራው ግን ከበዳቸው፤ በ1968 ለሌሎች ሸጡት። እነዚያም ብዙ አልገፉም። መስመሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1972 በሰር ዊልያም ማክአልፓይን የሚመራ ቡድን ገዛው። ማክአልፓይን በሚቀጥለው ዓመት ታዋቂዋን የ“ፍላይንግ ስኮትስማን” ሎኮሞቲቭ ከአሜሪካ ያስመለሰ፣ እስከ ሞተበት እስከ 2018 ድረስ ባቡር የወደደ ሰው ነው።

በዚያው በ1972 ሌላ የጠፋ ነገር ተመለሰ። መስመሩ ሲሠራ ዕቃ ያመላለሰች፣ በ1926 በሙኒክ የተሠራች “በግ” (ተባይ እንደማለት ነው እንጂ የእኛን በግ አይደለም) የምትባል ትንሽ ሎኮሞቲቭ ነበረች። በ1930ዎቹ ተሸጣ ቤልፋስት ገብታ፣ ኋላም በአሮጌ ብረት ክምር ውስጥ ተጥላ ነበር። ፈልገው አወጧት፤ ጠግነው ወደ ቤትዋ መለሷት።

ግን ባቡሩን ያዳነው የባለጸጋ ገንዘብ ብቻ ነው ብል ታሪኩን አጎድለዋለሁ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የባቡሩ ወዳጆች ማኅበር አቁመዋል። አባላቱ መዋጮ ያዋጣሉ፤ በዕረፍት ቀናቸው መጥተው ሐዲድ ይጠግናሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ትኬት ይቆርጣሉ። ከ1977 እስከ 2015 ደግሞ ባቡሩ በአካባቢው መስተዳድር ውል የኒው ሮምኒን ተማሪዎች ያመላልስ ነበር። አስቡት፤ በክረምት ጠዋት፣ ጭጋግ በረግረጉ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ደብተራቸውን ያቀፉ ልጆች በአንድ ሟች ባለጸጋ መጫወቻ ተሳፍረው የሒሳብ ፈተና ሊፈተኑ ሲሄዱ። ለእነርሱ ድንቅ ነገር አልነበረም፤ የትምህርት ቤት ባቡር ነበር። አንድ ጨዋታ ከዚህ የበለጠ ክብር ያገኛል ብዬ አላምንም፤ ማንም ሳይደነቅበት የሚጠቀምበት መሆን።

ዛሬም ባቡሩ ከሃይዝ እስከ ደንጀነስ ይሄዳል። በመጨረሻው ጣቢያ የመርከብ መሪ መብራት ማማዎችና ኃይል ማመንጨት ያቆመ የኑክሌር ጣቢያ ይታያሉ። የኑክሌሩ ጣቢያ ግዙፍ ነው፤ ብዙ ዕውቀትና ብዙ ገንዘብ ፈሶበታል፤ የተሠራውም ትንሹ ባቡር ከተዘረጋ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። እርሱ ሥራውን ጨረሰ። ከአጠገቡ ዞሮ የሚመለሰው የዝቦሮቭስኪ “ግሪን ጎደስ” ገና ያጨሳል።

* * *

እንግዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ልመልስ። ያዋጣ ነበርን? በሒሳብ መዝገብ ቢታይ፣ በአብዛኛው ዕድሜው እዳው ከገቢው ጋር ሲተናነቅ የኖረ ነው። እኔ የብድር ማመልከቻው በጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ ኖሮ ምን እንደምጽፍበት አውቃለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን በመዝገብ አይመለስም። ሄይውድ ለጥቅም ብሎ የሠራው ሐዲድ ከእርሱ ጋር አለቀ። ሃዊ ለጨዋታ ብሎ የሠራው ቀረ። ልዩነቱ በብረቱ ጥንካሬ አይመስለኝም። ሄይውድ ሐዲዱን በገዛ አጥሩ ውስጥ አኖረው፤ እንግዳ የሚገባው ሲጠራ ብቻ ነው። ሃዊ ግን ትኬት ሸጠ፤ የዓሣ አጥማጁን ልጅና የለንደኑን ሽርሽረኛ በአንድ ፉርጎ አስቀመጠ። ያን ጊዜ መጫወቻው የእርሱ ብቻ መሆኑ ቀረ። ኋላ ሲሞት፣ ባቡሩ የሚያዝንለትና የሚጠግነው ብዙ ወራሽ ነበረው፤ ኑዛዜ ላይ ስማቸው ያልተጻፈ ወራሾች።

እኛም ማታ ማታ የምንሞክራት ግጥም ብትሆን፣ መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈች ከእኛ ጋር ታልቃለች። ትንሽ ብትሆንም ሰው የሚሳፈርባት ከሆነች ግን፣ ማን ያውቃል። ለዚህ ነው ስለ ባቡሩ ይህችን ስንኝ ቋጥሬ የምሰናበታችሁ፦

አንዱ ጀመረና ሳይሳፈር ቀረ፣
ሌላው ተቀበለ ሐዲድ አሻገረ፤
ነጂው ቢወርድ እንኳ ጉዞው መች አባራ፣
ተሳፋሪው ወርሶት የጨዋታን ሥራ።

ቸር ያሰማን።